ግማሽ በግማሽ

«ያንተን ድርሻ ዜሮ ላድርገው?» አለች ምንትዋብ።

ባሏ ናትናኤል ማንኪያውን አስቀመጠ። «ልትፈቺኝ ነው?»

«ኧረ አውሮፕላኑ ላይ ነው የምልህ!»

ባለትዳሮች ቤት ያለ ዕቃ ሁሉ የሁለቱንም ፈቃድ እኩል ደባልቆ እንዲታዘዝ ከታወጀ ሦስት ዓመት ሆኗል። ትዳር እጅግ ሰምሯል። እሷ ትኩስ፣ እሱ ቀዝቃዛ ስለሚወዱ፣ ማሽኑ ለሁለቱም ለብ ያለ ሻይ ያቀርባል።

ነገ በሪሞት የሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖች ውድድር አለ፤ ምንትዋብ ካሸነፈች ብሔራዊ ቡድን ትገባለች። አውሮፕላኗ ጭራ የለውም። ክንፎቹ ላይ ያሉት ታጣፊ ጠርዞች አብረው ሲነሱ ሽቅብ ይወጣል፤ አንዱ ተነስቶ ሌላው ሲወርድ ደግሞ ወደ ጎን ይታጠፋል። ይህን የሁለት ትእዛዝ ድብልቅ ለማስተካከል ወር ሙሉ ለፍታለች። የቀረው የባሏን የግማሽ ድርሻ ከአውሮፕላኑ ማስወጣት ነበር፤ ሪሞቱ ግን ዜሮን አልቀበልም አለ።

«አይዞሽ እመቤቴ፣ እኔም ሪሞቴን ይዤ አብሬሽ አበርረዋለሁ» አላት።

በማግስቱ አውሮፕላኑ የውድድሩ መታጠፊያ ምሰሶ ጋ ሲደርስ እሷ ወደ ቀኝ አጠፈች።

«በግራ ይሻላል!» ብሎ እሱ ወደ ግራ አጠፈ።

አውሮፕላኑ ሁለቱንም አክብሮ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ አጥሩን አልፎ ከዓይን ተሰወረ። ሪሞቶቹም «ፍጹም ስምምነት» ብለው መዘገቡ።