መቁረጫው ተቀቅሏል?

የጎረቤቴን ልጅ ጥፍሯን በሠራኋት በሳምንቱ አውራ ጣቷ አብጦ መግል ያዘና ሆስፒታል ተኛች። ሌላ ደንበኛ የሠራሁበትን የጥፍር መቁረጫ በፈላ ውሃ ሳልቀቅል እሷ ላይ እንደተጠቀምኩበት አውቃለሁ። እናቷ ስትጠይቀኝ ግን "ከኔ አይደለም" ብዬ ድርቅ አልኩ።

ዛሬ አንዲት ደንበኛ ጣቶቿን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዘፍዝፋ፣ "እትዬ፣ መቁረጫው ተቀቅሏል አይደል?" አለችኝ።

"እኔን ልታስተምሪኝ ነው? በዚህ ሥራ ነው የሸበትኩት" አልኩና እጇን ፎጣው ላይ አድርጌ መሞረድ ጀመርኩ። እጇ ይቀዘቅዛል። ውሃው ነው ብዬ መሞረዴን ቀጠልኩ።

አውራ ጣቷ ጋ ስደርስ፣ "ካመመሽ ንገሪኝ" አልኳት።

"ምኑ ነው የሚያመኝ?" ብላ ሳቀች። "ሁለቱም እጆቼ ውሃ ውስጥ ናቸው እኮ።"

ቀና ብዬ አየሁ፤ እውነቷን ነው። እኔ የያዝኩት አውራ ጣት ግን እጄ ውስጥ ማበጥ ጀመረ።