ወደ ቤት የሚወስድ ሰው

«ወደ ቤት የሚወስድዎት ማነው፣ እናቴ?» አለችኝ ነርሷ። ቅጹ ላይ የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ማንም፣ ታክሲ እይዛለሁ አልኳት። ሳቅ ብላ፣ ታክሲው ይፈርምልዎታል ወይ አለችኝ። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ብቻውን አይወጣም፤ እንደ ዕቃ ፈርሞ የሚረከበኝ ካልተገኘ ሐኪሙ አይነካኝም። አሥር ደቂቃ ሰጥታኝ ሄደች።

ከሦስት ዓመት በፊት በካንሰር ግራ ጡቴን ሲቆርጡልኝ ልጆቼ ከአጠገቤ አልጠፉም። በኋላ በቦታው ሰው ሠራሽ ጡት ላስገባ ስል ግን ወንዱ ልጄ፣ «እማዬ፣ እግዜር ነፍስሽን አተረፈልሽ፤ ይኼ ደግሞ ለማን ነው?» አለኝ። ለማንም አልነበረም። ቀሚሴ ደረቴ ላይ እኩል እንዲውልልኝ ነው። አስገባሁት። አሁን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ወደ ብብቴ ሸሽቷል፤ በዚያ ጎን ከተኛሁ ወራት አለፉ። ዛሬ ሊያወጡልኝ ነው። «ብለንሽ ነበር» እንዳይሉኝ ፈርቼ፣ ለሦስት ቀን ጸሎት እሄዳለሁ፣ ስልኬም ዝግ ነው ብያቸው ወጣሁ። በእግዜር ስም ዋሸሁ።

ስልኩን ከፍቼ ለሴቷ ልጄ ደወልኩ።

ገና አፌን ሳልከፍት፣ ምነው ጸሎትሽን አቋረጥሽ፣ ስለ እኛ ሐሳብ ገብቶሽ ነው፣ ሁላችንም ደህና ነን አለችኝ። ስብሰባ ልትገባ ነው።

«እኔንም በጸሎትሽ አስቢኝ እሺ፣ እማዬ? ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።»

እሺ ልጄ አልኳት። ዘጋች።

እሺ ብያለሁና ዓይኔን ጨፍኜ ለመንኩላት። ጌታዬ፣ እንቅልፏን መልስላት አልኩ። ለራሴ ልለምን ስል ግን አፌ ተያዘ።

ነርሷ ተመልሳ ባዶውን መስመር አየች። አልተቆጣችም። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ያኔ ሰው ይዘው ይምጡ፣ አሁን ልብስዎን ይቀይሩ ብላ መጋረጃውን ስባልኝ ወጣች።

ያለበሱኝ ጋዋን የሚታሰረው ከጀርባ ነው። ቀኝ እጄ ደረሰ። ግራው ግን ብብቴ ሥር ያለው ነገር ይዞት አልዞርም አለ። በአንድ እጄ ብጎትተው ቋጠሮው ጭራሽ ጠበቀ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከመጋረጃው ወዲያ የሌላ በሽተኛ ልጆች፣ ማን ከእናታችን ጋር ይደር እያሉ ይከራከራሉ።

እንደገና ደወልኩ።

«እማዬ? ምን ሆነሻል?»

«ልጄ፣» አልኳት፣ «ከጀርባዬ ያለውን ቋጠሮ የሚፈታልኝ ሰው አጣሁ።»