ለአንድ ወር ጨዋታ አንድ ቃል

በዚያ ዘመን ለቪዲዮ ጌም የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በቃል ነበር። ለአንድ ወር ጨዋታ አንድ ቃል ይሰጣል፤ የተከፈለውም ቃል ከነዘመዶቹ ከከፋዩ አፍ ዳግመኛ አይወጣም። የአዳማዋ ትርሲት ባለፈው ወር «ጨው»ን ስለከፈለች፣ ምሳ ላይ «እስቲ ያንን ነጩን አቀብሉኝ» አለች።

ባሏ ገዛኸኝ «ዋጋው አልበዛም? ሲኒማ ብንሄድ ይሻላል» አላት።

«ሲኒማ ቤትማ ጎን ለጎን ተቀምጦ ዝም ነው። እዚህ ግን እናትህ ሳይቀሩ መኪና እየነዱ ይጮሃሉ!»

አማቷ ከት ብለው ሳቁ። ትርሲትም ትንሽ አሰበችና ለማሽኑ «ኩርፊያ» ብላ ከፈለች።

በማግስቱ ገዛኸኝ የገበያ ቀጠሯቸውን ረስቶ መጣ። «አኩርፌሃለሁ» ልትለው አፏን ብትከፍት ቃሉ እምቢ አላት። ሳቋ አመለጣትና አንዱን ጆይስቲክ አቀበለችው።