ስታየኝ ለምን ትደነግጣለች?

የሹፌሩ ወንድም ለትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ሆስፒታል የገባው በገዛ እግሩ እየሄደ ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተዛወረ፣ እዚያው ሞተ። ከጎኑ የተኙት፣ ያንኑ ኦፕራሲዮን ያደረጉ ነጭናጫ ሽማግሌ ግን ሠራተኛውን ሁሉ እየተራገሙ ቤታቸው ገቡ።

"ሁለቱንም ያስታመመች አንዲት ነርስ ናት" አለ ሹፌሩ። "ያንን አድና ወንድሜን ገደለችብኝ። እጇን ሳትታጠብ ነው ቁስሉን የነካችው።"

ማስረጃው ፊቷ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሊጠይቃት ሲሄድ፣ ገና ከበር ስታየው የያዘችው መድኃኒት ወለሉ ላይ ተበተነ። ሌላ ቀን ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

"ንጹሕ ሰው እንዲህ ይሆናል?" አላቸው እናቱን።

 ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ እሳቸውም ሹፌሩ ሲገባ ፊታቸውን ያዞራሉ። እዚያ ሆስፒታል ይግባ ያለው እሱ ስለሆነ መሰለው። ነርሷን ካላስባረረ እንቅልፍ አይወስደውም።

ምልልሱ ያስመረራቸው የሆስፒታሉ አለቆች ተቀምጦ የነበረውን የሟቹን ደም ልከው አስመረመሩ። ውጤቱን እንዲያስረዳ የተመደበው ዶክተር ከሌላ ሆስፒታል የመጣ ነበር፤ ሹፌሩን ወንድሙ ተኝቶበት በነበረው ክፍል አስጠራው።

"የሲስተር ጥፋት አይደለም" አለው። "ጀርሙ ከዚህ ክፍል የማይጠፋ ነው። ሌላው ሰው ታሞ ይድናል። የወንድምዎ ደም ግን ከውልደት ጀምሮ ይህን ጀርም መከላከል አይችልም። በቁስል ከገባ አበቃ። በዘር የሚመጣ ነገር ነው።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እሷን ለማዳን የፈጠራችሁት ነው!"

ይህን ጊዜ ነርሷ ከበሽተኞቹ የሰበሰበችውን ያገለገለ መቀስና ምላጭ በትሪ ይዛ ገባች። አየችውና ከንፈሯ ደረቀ።

"ይኸው! ይኸው እዩዋት!" ብሎ ትሪውን በጥፊ አለው።

ምላጩ መዳፉን ሰነጠቀው። ነርሷ ዘላ እጁን በፋሻ አፍና ያዘች።

"አይዞዎት" አለ ዶክተሩ አልኮል እያፈላለገ። "ወንድማማች ሁሉ አይወርሰውም። ብዙው ያመልጣል።"

"ዶክተር" አለች ነርሷ፣ እጁን ሳትለቅ፣ "እርስዎ ወንድምየውን አላዩትም። መልካቸው አንድ ነው፤ መንታ ናቸው።"