የአቻምየለህ ልብ

አቻምየለህ ሀርጌሳ ውስጥ በእርስ በርስ ጦርነት የፈረሱ ቤቶችን መልሶ የሚሠራ ግንበኛ ነበር። መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር የአንድ ቤት ክፍል ሲለስን ልቡ በድንገት እየደለቀ፣ ትንፋሽ እያጠረው በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሥራውን ጥሎ ወጣ። በመጨረሻ ክሊኒክ ሄዶ ተመረመረ።

«ልብህ ደህና ነው» አለችው ነርሷ ኡምሰልማ። «የሚይዝህ የድንጋጤ ሕመም ነው፤ አይገድልህም። ሲመጣብህ አትሽሽ። ተቀመጥና በቀስታ ተንፍስ፤ ራሱ ይለቅሃል።»

«እኔ ልሞት ነው እያልኩሽ አንቺ ደህና ነህ ትይኛለሽ» ብሏት ተናዶ ወጣ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እዚያው የሚለስነው ክፍል ውስጥ ሕመሙ ያዘው። መሸሹም ስልችት ብሎት ስለነበር ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ፤ እንደተባለውም በቀስታ ተነፈሰ። እውነትም ለቀቀው። እጁን ደረቱ ላይ ቢያደርግ ልቡ ረግቷል።

ድለቃው ግን አልቆመም። ጀርባው ላይ ይሰማዋል፤ የሚመጣው ከግድግዳው ነው።

ወዲያው ከግድግዳው ማዶ የሚለስነው የሥራ ጓደኛው ታጁ በምሬት ተጣራ።

«አቻምየለህ፣ ኧረ ግድግዳውን አትደብድብ። የለሰንኩት ሁሉ እየረገፈብኝ ነው።»