ከስምንት በታች

መብራቱ ገና ሳይቀላ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳለሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ልጄ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«አረንጓዴ ነበር እኮ፣ እማዬ!»

«ነበር። እኛ ስንደርስ ግን አይሆንም።»

ቀይዋ መኪናዬ ባለ ሁለት በር ናት፤ ዝቅ ብላ፣ ሰፋ ብላ፣ ቆማ እንኳ የምትሮጥ የምትመስል። ጡረታ በወጣሁ ማግስት ነው የገዛኋት። ዕድሜዬን ሙሉ በሚያስሉ አሮጌ መኪኖች መንዳት ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ እና ይቺ ትበዛብኛለች? ልጄ ግን «የስፖርት መኪና ነዳጅ መጠጣት ተፈጥሮዋ ነው፣ ጡረታሽን በቁሙ ትጨልጠዋለች» ብሎ ገዢ አመጣብኝ። እሱ የእሳት አደጋ መኪና ነጂ ነው። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ስለ ነዳጅ ሊመክረኝ!

ስለዚህ ተወራረድን። ከቤቴ እስከ እሱ መሥሪያ ቤት፣ መሀል ከተማውን አቋርጬ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ከስምንት ሊትር በታች ከነዳኋት ወሬው ሁለተኛ አይነሳም። ስምንት ከሞላች ደግሞ ቁልፉን በገዛ እጄ ለገዢው እሰጣለሁ። ሰውየው አሁን እዚያ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀን ነው።

ጠዋት ጎማዎቹን በልካቸው አስነፍቻለሁ። ልጄ «ለክፉ ቀን» ብሎ ከኋላ የጫነብኝን የአሸዋ ከረጢትም አውርጃለሁ። ከመሪው በስተጀርባ ያለችው፣ የነዳጅ ፍጆታውን የምታሳየው ትንሽ መስኮት ሰባት ነጥብ ስምንት ትላለች።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እለዋለሁ።

«እግር እስኪያወጣ እዚሁ ልናድር ነው?»

አንድ ጎረምሳ በጥቁር መኪና አጠገባችን ይደርስና ሞተሩን ያስጮህብኛል። እጄን ይበላኛል፤ አልዋሽም። መብራቱ ሲለቅ እሱ ይፈተለካል፣ እኔ በቀስታ እነሳና ቶሎ ሦስተኛ ማርሽ አስገባለሁ። የማየው ከፊቴ ያለውን መኪና ሳይሆን ሩቅ ያለውን መብራት ነው። ጎረምሳው እዚያ ፍሬን ይዞ ተገትሯል። እኔ ሳልቆም እየተንከባለልኩ ስደርስ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ በአጠገቡ እልፍ እላለሁ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እላለሁ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ። ልጄ ሳይወድ በግዱ ይስቃል።

«ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ አውጪና ትንሸራተት በያ።»

«ማርሽ ውስጥ ሆና እግር ሲነሳላት ጠብታ አትቀምስም። ማርሽ ስታወጣላት ነው የምትጠጣው። ማን አስተማረህ አንተን?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው ተኝተህ ነበር።»

የመጨረሻው ዳገት ብቻ ቀርቶናል። መሀሉ ላይ ስንደርስ ግን ከፊታችን ያለችው መኪና ትቆማለች። ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ አለ። የምትነዳት አንዲት ወጣት ልጅ ናት፤ ሞተሩ ይጠፋባታል። ታስነሳለች፣ መኪናዋ ትንፈራገጣለች፣ እንደገና ይጠፋል። አንገቷ ድርቅ ሲል ከዚህ ይታየኛል።

«እለፊያት፣ እማዬ፣ መንገዱ ክፍት ነው!»

እውነትም ክፍት ነው። ግን ከኋላዬ የተሰለፉትን በመስታወት አያቸዋለሁ፤ እኔ ካለፍኩ የዚያ ሁሉ ሰው ክላክስ የሚወርደው እሷ ላይ ነው። ዛሬ እዚህ ዳገት ላይ ካዋረዷት መሪ ተመልሳ አትይዝም። ስንቷን አይቻለሁ። ርቀቴን ጠብቄ፣ የአደጋ መብራቴን አብርቼ እቆማለሁ። ሞተሩንም አላጠፋም፤ ወደ ኋላ ብትንሸራተት ቶሎ ገለል ማለት አለብኝ።

ሰባት ነጥብ ዘጠኝ። ከኋላ ክላክሱ ይንጫጫል። ልጄ አንዴ መስኮቷን፣ አንዴ እኔን ያያል። ስምንት። መሪውን ጭብጥ አድርጌ ለብቻዬ አጉረመርማለሁ፤ «አይዞሽ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ ሞተሩን አዳምጪው፣ አሁን የእጅ ፍሬኑን!» እንደሰማችኝ ሁሉ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትነሳና ዳገቱን ትወጣለች።

«እሰይ የኔ አንበሳ!» ብዬ እጮሃለሁ። የማላውቃት ልጅ ናት፤ ግን የወለድኳት ያህል ደስ ይለኛል።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስቆም መስኮቷ ስምንት ነጥብ አንድ ትላለች። ክርክር የለም። ሞተሩን አጥፍቼ እወርዳለሁ፣ ቁልፉንም በገዢው መዳፍ ላይ አኖራለሁ።

«አደራ፣ በከንቱ ነዳጅ አትርገጥባት» እለዋለሁ።

የልጄ ባልደረቦች ወጥተው መኪናዋን ከበዋታል። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ «የማን ናት ይቺ?» ይላል። የልጄ ዓይን ግን ቁልፉ ላይ ነው።

«እኔ ብሆን ያቺን ለማጅ አልፌያት ነበር» ይለኛል ቀስ ብሎ።

ከዚያ እጁን ይዘረጋና ቁልፉን ከሰውየው መዳፍ ያነሳዋል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ በከንቱ አቆምኩህ። አትሸጥም።»

«ቃል ቃል ነው» እላለሁ። «ስምንት ሞልታለች።»

«የተወራረድሽው ከኔ ጋር አይደል? እኔ ትቼዋለሁ።» ቁልፉን እጄ ላይ ያስጨብጠኛል። ከዚያ ወደ ባልደረቦቹ ይዞርና፣ በጭስ ውስጥ ሰው በሚጣራበት በዚያ ድምፁ «የእናቴ ናት! ነጂዋም እሷው ናት!» ይላል።

ኩራት ደረቴን ሞልቶ መተንፈሻ ያሳጣኛል። ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ሞተሩን አስነሳለሁ። ሁሉም እያዩኝ ነው። ማርሹን ሳላስገባ የነዳጅ መርገጫውን አንዴ እስከ ወለሉ እረግጠዋለሁ፤ ግቢው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ እሳት አጥፊዎቹ ያጨበጭባሉ፣ መስኮቷ ላይ ቁጥሩ ወደ ላይ እየሮጠ ይሆናል። አላየውም።