የጋሽ ቀስ በል ፍሬን

«እኔ ይህን ባስ አልነዳም!»

ሹፌሩ ቁልፉን የትራንስፖርት ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ወረወሩት…

የሠራተኞች ሰርቪስ ሹፌር ናቸው። መንገድ ላይ ስለማይቸኩሉ ሠራተኛው «ጋሽ ቀስ በል» ይላቸዋል።

«ከእሳቸው ጋር ከመሄድ በእግር መሄድ ይፈጥናል» እየተባለም ይሳቅባቸዋል።

«ፍሬኑ እየከዳኝ ነው። ይቀየርልኝ ብዬ ከጠየቅሁ ቆየሁ» አሉ።

ኃላፊዋ ከኮምፒውተሩ ቀና አላለችም።

«ጋሼ፣ ጥያቄዎ ሲስተም ውስጥ ገብቷል። ይኸው፣ ‹በሂደት ላይ› ይላል።»

«እሱ በሂደት ላይ ይሁን… ባሱ ግን አልቆም አለኝ እኮ!»

መሥሪያ ቤቱ ወረቀት ካስቀረ ወዲህ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ነው። ጥያቄ ይገባል… ኃላፊ ያጸድቃል… ወደ ግዢ ያልፋል።

ይህን አሠራር ያመጣችው እሷ ናት። ትኮራበታለች።

«ዛሬ ካልነዱ ትእዛዝ እንደጣሱ እቆጥረዋለሁ» አለቻቸው።

«ቁጠሪው!» ብለው ወጡ።

ወዲያው የእገዳ ጥያቄ ላከች። የሰው ኃይል ክፍል ሻይ እንኳን ሳይቀዘቅዝ አጸደቀላት…

ለከሰዓቱ ጉዞም ሌላ ሹፌር መደበች።

ግን ልቧ አላርፍ አለ።

የግዢ ኃላፊውን ልትወቅስ ፈልጋ የሲስተም ባለሙያዋን ጠራቻት።

«እስቲ የፍሬኑን ጉዳይ እይልኝ። ማን ጋ ነው ተወትፎ የቀረው?»

ልጅቷ አየች። እንደገና አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ…

«እርስዎ ጋ ነው።»

«እኔ ጋ?! እኔ እኮ ሥራ ሲበዛብኝ የተሽከርካሪ ጥያቄዎችን የግዢ ኃላፊው እንዲያይልኝ ሲስተሙ ላይ ወክዬዋለሁ!»

«አዎ… እሳቸውም እርስዎን ወክለዋል። ጥያቄው ከእርስዎ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እርስዎ ሲመላለስ ነው የከረመው። ስለሚንቀሳቀስ ሲስተሙ ‹በሂደት ላይ› ይለዋል… ግን ማንም ከፍቶ አላየውም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች!

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ታክሲ ይዛ ሹፌሩ ቤት ደረሰች።

ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቦርሻሉ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ! ጥፋቱ የእኔ ነው…» እንባዋ ቀደማት።

ሹፌሩ ይቅር ሊሏት ቀርቶ «ግቢ» እንኳን አላሏት።

«ባሱ የት ነው?»

እንባዋን መጥረግ ጀመረች።

«ማን ይዞታል? እሱን ንገሪኝ!»

ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች። የሰርቪስ መውጫ ደርሷል!

ይቅርታ ለመጠየቅ ከተማውን አቋርጣ ስትመጣ… ባሱን ማስቆም ትዝ አላላትም!

ለመሥሪያ ቤቱ በር ጥበቃ ደወለች።

«ሰርቪሱ ወጣ?»

«ሞልቷል። ሞተር አስነስቷል፣ በሩን ልከፍትለት…»

«እንዳትከፍት! ሞተሩን አጥፋ በለው! ሰው ሁሉ ይውረድ!»

በስልኩ ውስጥ ጫጫታ ተሰማ።

«በእግራችን ልንሄድ ነው?»

«ይሄ ሁሉ የጋሽ ቀስ በል ሥራ ነው!»

«ሥራ ጠልተው ነው እንጂ ባሱ ምን ሆኖ!»

ሹፌሩ ሰሙ። አንገታቸውን ደፉ…

ኃላፊዋ አየቻቸው። ስልኩን ዘግታ መገላገል ትችል ነበር።

«ድምጹን ከፍ አድርገህ ለሁሉም አሰማልኝ» አለችው ጥበቃውን።

«ባሱ ፍሬኑ ተበላሽቷል። እሳቸው ነግረውኝ ነበር። ጥያቄያቸውን ሳላይ የተውኩት እኔ ነኝ… እውነት ስለተናገሩ ያገድኳቸውም እኔው ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ ሰዉ ከባሱ ሲወርድ ተሰማ።

ሹፌሩ ገብተው ወንበር ይዘው ወጡ።

«በይ አሁን ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

…

ወዳጆቼ፣ እኔ ከዚህ የተረዳሁት…

ይቅርታ የራሳችንን ልብ ለማሳረፍ ብቻ ከሆነ ገና ይቅርታ አይደለም። ከእንባችን በፊት ያበላሸነውን እናስተካክል!

እናንተስ… «እሱ ያየዋል» ብላችሁ የተዋችሁት፣ እሱም «እሷ ታየዋለች» ብሎ የተወው ጉዳይ የለም? የማን ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው? ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ…